አፌን የፈታው ዓሣ

ልጅ እያለሁ ዝም በማለት የሚስተካከለኝ አልነበረም። ይህን የምለው ትንሽ በኩራት ነው፤ ዝምታ ያኔ በቤታችን እንደ ሙያ ይቆጠር ነበር። ከእናቴ ጋር አባቴ ወዳለበት ፍራንክፈርት ስገባ ስምንት ዓመት ተኩል ሆኖኝ ነበር። ከመነሣታችን በፊት አክስቶቼ ተራ በተራ አስቀምጠው መክረውኛል። አስተማሪ ሲናገር አንገትሽን ደፍተሽ አዳምጪ፣ ካልጠየቁሽ አትቀባጥሪ፣ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን አትዪ፣ አባትሽን እንዳታሰድቢ። እኔ ደግሞ የተመከርኩትን የምሰማ ልጅ ነበርኩ። ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ከፎቃችን ጀርባ ባለው ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ዓመቱን ሙሉ እንደ ምክሩ ተቀመጥኩ።

ጀርመንኛው አልገባኝም ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ከገና በኋላ ግን ጆሮዬ ተከፈተ፣ ስጽፍም ብዙ አልሳሳትም። ችግሩ እጅ ማውጣቱ ላይ ነበር። የክፍሌ ልጆች መልሱን ባያውቁትም እጃቸውን እያወዛወዙ ከወንበር ሊወድቁ ይደርሳሉ። እኔ እያወቅሁት ሁለቱን እጆቼን ጭኔ ሥር ሸጉጬ እቀመጥባቸዋለሁ። ሌላዋ ስትመልሰው በሆዴ «ልክ ነሽ፣ ጎበዝ» እላታለሁ። የክፍሉ የጠመኔ ሽታ፣ በእንፋሎት ማሞቂያው ላይ የሚደርቁት ጓንቶች፣ ልጆቹ የሚያመጡት የሳላሚ ዳቦ፣ ሁሉም ዛሬ ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። የራሴ ድምፅ ብቻ ከዚያ ክፍል ትዝታ ውስጥ የለም።

የወላጆች ቀን ሲደርስ አባቴ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ሱፍ ለብሶ ሄደ። ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ሆቴል ያጸዳ ነበር፤ ጀርመንኛው ለሥራው ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። አስተማሪዬ ፍራው ብራንት ብዙ ነገር ነገሩት። ከሁሉም ውስጥ አጥርቶ የሰማው አንዱን ነበር፤ ሜሮን በጣም፣ በጣም ዝምተኛ ናት። አባቴ ፊቱ በራ። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ ጎንበስ ብሎም አመሰገናቸው። ቤት መጥቶ ለእናቴ ነገራት፤ እሑድ ደግሞ ጉባኤያችን በሚከራየው አዳራሽ ልጄ ተመሰገነችልኝ ብሎ ለወንድሞችና ለእኅቶች አወራ። ፍራው ብራንት ያን ቀን ስለ አባቴ ምን እንዳሰቡ ባውቅ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

አራተኛ ክፍል ስገባ በመስከረም ማለቂያ አንድ ደብዳቤ መጣ። በእኛ ፎቅ ከመሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ የሚነበበው ምድር ቤት፣ አባባ ኢድሪስ ጋ ነበር። አባባ ኢድሪስ የከረን ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው በአማርኛ ተምረው፣ እኔ ሳልወለድ ጀርመን ገብተው፣ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። በረንዳቸው ላይ አበባ የለም፤ በአበባው ፈንታ ዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ተደርድረዋል። አባቴ ደብዳቤውን ይዞ ሲወርድ እኔም ተከተልኩት። ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው አጠለቁት።

«ልጅቷ በክፍል ውስጥ አትናገርም ነው የሚለው» አሉ። «እዚህ አገር ግማሹ ማርክ የአፍ ነው። ሙንድሊሽ ይሉታል። ካልተናገረች አታውቅም ነው።»

እስከ ጥር መጨረሻ ለውጥ ካላሳየሁ፣ ትምህርት ለሚከብዳቸው ልጆች ወደ ተለየ ትምህርት ቤት መሄድ ይኖርብኝ እንደ ሆነ እንደሚመረምሩኝ ነበር ደብዳቤው የሚናገረው። አራተኛ ክፍል እዚህ አገር መንታ መንገድ ነው። አስተማሪ የሚጽፈው ምክር ልጁን ወዲህ ወይም ወዲያ ይወስደዋል፤ ወዲያ የሄደ ወዲህ ለመመለስ ብዙ ይለፋል። ይህን የፎቁ ወላጅ ሁሉ ያውቃል።

«ጨዋ ስለ ሆነች?» አለ አባቴ።

«አዎ፣ ጨዋ ስለ ሆነች።»

አባቴ ደብዳቤውን ተቀብሎ አጠፈው። በወላጆች ቀን አንዲት ሴትዮ ልጅህ ልትወድቅ ነው ብላ ስትነግረው ጎንበስ ብሎ ማመስገኑ ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔም እሱን አይቼ አፈርኩ። በሕይወቴ ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን የለም፤ ያፈርኩት ደግሞ የታዘዝኩትን ሁሉ ስላደረግሁ ነበር።

እናቴ አለቀሰች፤ ቀጥሎም ለጉባኤው የጸሎት ርእስ ሰጠች። አንዲት እኅት የዝምታ መንፈስ ነው ብላ ጭንቅላቴ ላይ እጇን ጭና ለረጅም ጊዜ ጸለየችልኝ። እኔ በጸሎቱ ጊዜም ቃል ስላልተነፈስኩ ጥርጣሬዋ የባሰ ጸና።

አባባ ኢድሪስ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቷን ለእኔ ስጡኝ፣ ኒዳ ወንዝ ዓሣ ማጥመድ ላስተምራት አሉ። አባቴ ግራ ገባው። ለእሳቸው ያለው አክብሮት ባይዘው ይስቅ ነበር። ትምህርት የቸገራት ልጅ ቀኑን ሙሉ ውኃ ስታይ ትዋል ወይ፣ ዓሣ ማጥመድስ የዝምታ ሥራ አይደለም ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቃቸው። እሳቸው ጀርመንኛ የተማሩት ወንዝ ዳር እንደ ሆነ ነገሩት፤ ከዚያ በላይ አላብራሩም። በዚያው ሰሞን አሥር ዓመት ስለ ሞላኝ የልጆች ፈቃድ ይሰጠኛል ተባለ፤ ፈቃድ ካለው ትልቅ ሰው ጎን ሆኜ ማጥመድ እችላለሁ። አባቴ ቀጠሮ ይዞ፣ ፎቶግራፍ አስነሥቶኝ፣ ወረቀቱ ላይ ፈረመ። በስሜ የወጣ የመጀመሪያዬ የጀርመን መታወቂያ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ጉም ነበር። ሐውዘን ከሚባለው ሰፈር ድልድይ ወረድ ብሎ፣ ውኃው ከግድቡ ተንደርድሮ መጥቶ በሚያርፍበት ጥግ ተቀመጥን። የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ አለ። ከትል ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ የዝናብ አፈር ይሸታል። አባባ ኢድሪስ ከፔርሙዝ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀዱልኝና አስተማሩኝ።

ጀማሪ በባርሽ ነው የሚጀምረው አሉ። ባርሽ ጀርባው ላይ ጥቁር ሸንተረር ያለው፣ የሆዱ ክንፎች ቀይ የሆኑ፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ዓሣ ነው። ሆዳም ስለ ሆነ ምግብ አያማርጥም። ብቻውን አይኖርም፤ አንዱ ካለበት ጓደኞቹም አሉ። ገላጣ ውኃ ላይ አትፈልጊው፣ የወደቀ ግንድና የድልድይ እግር ባለበት ጥላ ውስጥ ይቆማል። ትልቅ ዘንግ አያስፈልግም። አጭርና ቀላል ዘንግ፣ ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ግማሽ ትል፣ ከላይ አውራ ጣት የምታክል ተንሳፋፊ። ተንሳፋፊዋ ስትንቀጠቀጥ አትጎትቺ፣ እየቀመሰ ነው። ጋደም ብላ ስትሰምጥ ግን አትዘግዪ፣ ክንድሽን ሳይሆን የእጅሽን አንጓ ብቻ ከፍ አድርጊ። አፉ ስስ ስለ ሆነ በኃይል ከጎተትሽው መንጠቆሽ ከንፈሩን ይቀድድና ያመልጥሻል።

ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ አዳመጥሁ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ውሻቸውን እየጎተቱ መጡና ቆም አሉ። «ና፣ በይስት ቫስ?» አሉኝ፤ ዓሣው ትሉን ይነክሳል ወይ ማለታቸው ነው። አባባ ኢድሪስን አየሁ። እሳቸው ውኃውን እያዩ ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሰሙም። ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፣ ውሻውም ጭምር። መልስ ካልሰጠሁ ባለጌ ልሆን ነው።

«ናይን» አልኩ፤ አይነክስም።

ሴትዮዋ በዚህ አልሄዱም። ምን ዓይነት ዓሣ ነው የምትፈልጉት አሉ። ባርሽ አልኳቸው። በምን ነው የምትይዙት አሉ፤ በትል። እንዲህ እየሆነ ስንት መንገደኛ አለፈ። ሯጩ፣ ሕፃን ጋሪ የሚገፋው፣ እጅ ለእጅ የተያያዙት ሽማግሎች፣ ሁሉም ቆም እያሉ ያንኑ ይጠይቃሉ። የአባባ ኢድሪስ ጆሮ ለሁሉም ተደፍኗል። ማታ ላይ እስከ ቤታችን ሲያደርሱኝ ግን አሳንሰሩ ውስጥ በሹክሹክታ የምናገረውን ሁሉ ይሰማሉ።

«አባባ፣ ጆሮዎ ደኅና ነው አይደል?» አልኳቸው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አይሰማም» አሉኝ።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜ ዓሣ አልያዝኩም፣ ወሬ ግን እየለመድኩ መጣሁ። ጥያቄው ስለማይለወጥ መልሱ አፌ ላይ እየለሰለሰ ሄደ። አንድ ቀን ግን አንዲት ወጣት ከብስክሌቷ ወርዳ ተቆጣችኝ። ይህን ምስኪን እንስሳ ለምን ታሠቃያላችሁ አለች።  አባባ ኢድሪስም አላዳኑኝም፤ ክራቸውን እያስተካከሉ ነበር። እስከ ቤት እያለቀስኩ ሄድኩ፤ የልቅሶው ምክንያት ሴትዮዋ መቆጣቷ ሳይሆን ልመልስላት የምፈልገው በሆዴ ሞልቶ መቅረቱ ነበር። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። በማግሥቱ ከአምልኮ ስንመለስ ምድር ቤት ወረድኩና አባባን፣ ያቺን ሴትዮ ሆነው ይጠይቁኝ አልኳቸው። ቆጣ ብለው ጠየቁኝ፣ መለስኩ፤ አልበቃቸውም፣ ደገሙ፣ መለስኩ። ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ በሩን እስኪከፍት ድረስ ተሟገትን።

አምስተኛው ቅዳሜ ኅዳር ገብቶ ነበር። ጣቶቼ ደንዝዘዋል፣ አፍንጫዬ ይንጠባጠባል። አንድ አባት ከትንሽ ልጁ ጋር ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ተንሳፋፊዬ ከወደቀው ግንድ አጠገብ ተንቀጠቀጠች። አልጎተትኩም። ዳግመኛ ተንቀጠቀጠች፣ ጋደም አለች፣ ሰመጠች። የእጄን አንጓ ብቻ ከፍ አደረግሁ። ዘንጉ ጎበጠ፤ ከክሩ ወዲያ ማዶ ሕይወት ያለው ነገር ራሱን ሲነቀንቅ እስከ ክርኔ ተሰማኝ።

«ኬሸር!» ብዬ ጮኽኩ። «ሽኔል!»

ኬሸር የዓሣ ማውጫው መረብ ነው፤ ሽኔል ደግሞ ቶሎ። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን፣ አንቱ የምላቸውን፣ ቀና ብዬ ለማየት የማልደፍራቸውን ሰው ነበር እንዲያ ያዘዝኳቸው። እኔም ራሴ የደነገጥኩት በኋላ ነው። አባባ ኢድሪስ ግን ጆሯቸው ተከፍቶ፣ መረቡን አንሥተው እንደ ወጣት ሮጡ። አንድ ባርሽ መረቡ ውስጥ ተንፈራገጠ። ጀርባው እንደ ግመል ጎበጥ ያለ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር ሸንተረሮቹ ውኃ የጠጡ፣ ክንፎቹ ቀይ። ልይዘው ስል የጀርባው እሾህ መዳፌን ወጋኝ፤ ደሜን ስልስ አልከፋኝም። አባባ ዓሣው እንዳይሠቃይ ጭንቅላቱን በአንዲት ምት መትተው ጨረሱለት፣ ለካን፣ በጋዜጣ ጠቀለልነው። ከኋላዬ የቆመው ትንሽ ልጅ ስንት ጥያቄ ጠየቀኝ መሰላችሁ! አንዱንም ለአባባ አላስተረፍኩላቸውም። የመጨረሻውን ትል መንጠቆው ላይ አድርጌ እያሳየሁት አስረዳሁት፤ በጀርመንኛ፣ ያለ እፍረት።

እናቴ ዱቄት ነስንሳ ጠበሰችልን። አባባን ጨምሮ ለአራት ሰው አንድ ባርሽ ምን ይደርሳል፤ እኔ ግን የጠገብኩት ገና ሳይበላ ነው። ማዕድ ላይ አባቴ እንዴት ያዝሽው አለኝ። ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ማማሰያውን ዘንግ አድርጌ፣ ውኃውን፣ ግንዱን፣ ሰውየውን ከነልጁ እያሳየሁ ተረኩለት። ስጨርስ ምግቡ ቀዝቅዟል፤ ማንም አላቋረጠኝም። አባቴ እጁን ሳይታጠብ ይህንኑ ሄደሽ ለአስተማሪሽ ንገሪያት አለኝ። ጥር ላይ እያንዳንዱ ልጅ በመረጠው ርእስ ክፍሉ ፊት ቆሞ ረፌራት የሚሉትን ገለጻ ማቅረብ ነበረበት፤ እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ ርእስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ደብተሬ ላይ «ባርሽ ማጥመድ ለጀማሪዎች» ብዬ ጻፍኩ።

ቀኑ ሲደርስ መንጠቆውን ያወለቅሁለትን ዘንግ በአሳንሰሩ በጎን አስገብቼ ይዤ ሄድኩ። ሰሌዳው ላይ ዓሣውን በጠመኔ ሣልኩ። ዞር ስል የሃያ ምናምን ልጅ ዓይን እኔ ላይ ነው።  የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ለጫማዬ ነበር የተናገርኩት። ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ፣ ፍራው ብራንት እስክሪብቷቸውን አነሡ። ከዚያ ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ሳልፈቅድለት ጠየቀኝ። «ና፣ በይስት ቫስ?» አለ፤ ልጆቹ ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ይህን ጥያቄማ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ቀና አልኩና ጀመርኩ። የት እንደሚቆም፣ ለምን ጥላ እንደሚወድ፣ ክሩ ለምን ቀጭን እንደሚሆን፣ ለምን በመጀመሪያው መንቀጥቀጥ መጎተት እንደሌለበት ነገርኳቸው። ዘንጉን ለሦስት ልጆች አስይዤ የእጅ አንጓቸውን አስተካከልኩ። አንዲት ልጅ ፊቷን አጨማዳ ዓሣውን አይጎዳውም ወይ አለች። ይህኛውንም ከእንባዬ ጋር ተምሬዋለሁ። የያዝነውን እንበላለን፣ ለመጫወቻ ብሎ መያዝ እዚህ አገር ክልክል ነው፣ እንዳይሠቃይም ቶሎ መግደል የያዘው ሰው ግዴታ ነው አልኳት። እናንተስ የምሳችሁ ሳላሚ ከየት እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ብዬ ጨመርኩ። ይህችን አባባ ኢድሪስ አላስተማሩኝም፤ የራሴ ናት። የተሰጠኝ ጊዜ አልቆ፣ ደወል ተደውሎም ልጆቹ እየጠየቁ ነበር።

ፍራው ብራንት መጻፍ ካቆሙ ቆይተዋል። መነጽራቸውን ጠረጴዛ ላይ አኖሩና አዩኝ።

«ሜሮን፣ ይህን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ» አልኳቸው፤ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ። «መስኮቱ ጋ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ።»

ፊታቸው ቀላ። ከዚያም ልክ ነሽ አሉኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

በሩ ላይ አባቴና አባባ ኢድሪስ በረዶው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። አባቴ የቀን ፈረቃውን ለሰው ሰጥቶ ነው የመጣው። ዘንጉን ተቀበሉኝ፤ እኔ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ቤታችን፣ እስከ ስምንተኛ ፎቅ፣ ያለ ማቋረጥ አወራሁ። አባቴ አሳንሰሩ ውስጥ ዞር ብሎ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ሲጠርግ ያየሁት መስሎኛል፤ ላረጋግጥ ብዬ ወሬዬን አላቆምኩም።

ምርመራው ቀረ። ከሳምንታት በኋላ በመጣው ወረቀት ፍራው ብራንት ወደ መካከለኛው ትምህርት ቤት፣ ወደ ሪያልሹለ መከሩኝ። በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው ትምህርት ቤት፣ ጂምናዚየም፣ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በእኛ ቤት ያን እሑድ የተዘመረው ዝማሬ ለጂምናዚየምም ይበዛ ነበር። ቀሪውን መንገድ በራሴ እግር ሄድኩት፤ ከሪያልሹለው ተነሥቼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና፣ አቢቱር፣ ደረስኩ፣ ከዚያም ዩኒቨርሲቲ። ዛሬ ኦስትኤንድ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቢሮ ውስጥ ስብሰባ እመራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ሐሳባቸውን ለማስገባት እኔ ትንፋሽ እስክወስድ ይጠብቃሉ ብለው ይቀልዱብኛል። ልባቸው የፈለገውን ያህል ይቀልዱ።

አባባ ኢድሪስ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ከቀብራቸው መልስ በአንድ አዳራሽ ኤርትራውያኑም፣ ኢትዮጵያውያኑም፣ ከወንዙ ዳር የመጡት ጀርመን አዛውንቶችም ተሰብስበን ሳለ ስለ እሳቸው እንድናገር እኔ ተመረጥኩ። በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ከአሥር ዓመቴ ወዲህ ዝም ባልኩ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ፈቃዴ የዐዋቂ ነው። በጋ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ የጉባኤያችንን ልጆች ይዤ ኒዳ እወርዳለሁ። ያኔ አፌን የዘጋው ጨዋነት ለእነዚህ አልደረሳቸውም። እዚሁ ተወልደው በአማርኛ ስጠይቃቸው በጀርመንኛ የሚመልሱልኝ፣ እኔንም አንቺ የሚሉኝ፣ ዓሣው ለምን እንደ ዘገየ የሚከራከሩኝ ናቸው። አንዳንዴ አክስቶቼ ቢያዩን ብዬ እሳቃለሁ፤ አንዳንዴም የዚያች አንገቷን የደፋች ልጅ ነገር ሆዴን ይበላኛል። እኔ ያኔ አንዲት ቃል ለማውጣት ወንዝ አስፈልጎኝ ነበር። እነዚህን ግን ወንዙ ዳር ቆሜ እባካችሁ ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ፣ ዓሣው ይሸሻል እላቸዋለሁ። ዝም አይሉም። ባርሹም አይሸሽም፤ እየተንጫጩ ይይዙታል።